ደረሰኝ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣
የሽንኩርት ተራን ዕቁብ ስጽፍ፣ ስደምር፣ ስቆጥር፣
ስም ከደብተር ቀድቼ፣ ወረቀቱን ቆርጬ፣
በወተት ጣሳ ከትቼ፣ ነቅንቄ፣ በጥብጬ፣
የሰፈር ሕፃን ጠርቼ «አንድ ብቻ አውጣ» ስለው፣
(ዕጣ አውጪ መሆን ያለበት ዓይኑን የጨፈነ ነው)
«ደረሰኝ!» የሚል ድምፅ ከአንዱ ጥግ ሲፈነዳ፣
መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ፣ ለደስታውም ለዕዳ።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሳልጥል ደረሰኝ፤
ከግራ ጡቴ ሥር፣
የነጭ ሽንኩርት ፍሬ የምታህል፣ የማታመኝ።
«ካላመመሽ ምን አለ?» አለችኝ ባለ ቲማቲሟ በዳቱ፤
እኔም አመንኳት። ከመቂ ሽንኩርት የሚገባበት ነበር ወራቱ።
ስሟን ቆይቶ ሐኪም ነገረኝ፤ እኔ ግን አልጠራትም፤
እቤት «ያቺ» እንላለን።
ያቺ ግን አትሰማንም።

በሚያዝያ ሙቀት፣ ከዕድራችን ድንኳን ሥር፣
ሲስተር ዘርትሁን መጣች፣ ላቧን እየጠረገች፣ ልትናገር።
አቶ ሽብሩ ከሒሳቡ በፊት አምስት ደቂቃ ሰጧት፤
ሃምሳ ሆነ። ማንም ሰው አልገሠጻት።
«ሙከራ ነው» ስትል ወንበሮቹ ተንጫጩ፤
«በእኛ ላይ? እንደ አይጥ?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ።
«አዎ፣ ሙከራ ነው» አለች፤ ቃሉን አልሸፈነችውም፤
«የታወቀውን መድኃኒት ማንም ታማሚ አያጣውም።
ገሚሱ አዲሱን ክኒን ከዚያ ላይ ይጨምራል፤
ገሚሱ ክኒን የሚመስል፣ ባዶ ነገር ይውጣል።
ማን የቱን እንደወሰደ እኔም፣ ሐኪሙም አናውቅ።»
«ታዲያ ማነው የሚያውቅ?»
«ዕጣ» አለች። እኔን ደግሞ አመለጠኝ አንድ ሳቅ።

ዕጣ!
አሥራ አንድ ዓመት የበጠበጥኩት፣ ዞሮ ቤቴ መጣ።

ሰባት ገጽ ነበር ወረቀቱ፣ በአማርኛም በኦሮምኛ፤
እንደ ዕቁብ ደንብ አነበብኩት፣ ከአምፖሉ ሥር፣ ሳልተኛ።
ባጃጁን በር ላይ አቁሞ «እንዳትፈርሚ» አለ ሮባ፤
«ደግ ነገር ቢሆን ኖሮ በእኛ ሰፈር መች ይገባ?»
ልጄ እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም።
ዛሬም የለኝም።
ግን ገጽ አራት ላይ አንድ መስመር አለ፤ ጣቴ ሁለቴ ሄደበት፦
በፈለጉ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ ማንም «ለምን?» አይልበት።
ይህን እንኳ የኛ ዕቁብ አያውቅ፤
የበላ ቢጠፋ፣ ዋሱ ነው የሚታነቅ።

ፈረምኩ።
ዕጣውን ኮምፒውተር አወጣ። እሱም ዓይኑን የጨፈነ ነው።
ስሜ ቀረ፤ ሠላሳ ሰባት ተባልኩ፤ እኔነቴን ቁጥር ያዘው።

አሁን በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ በሮባ ባጃጅ እንሄዳለን፤
ከተራው ሴቶች አንዷ ታጅበኛለች፤ ለዚህም ተራ ጽፈናል።
መርፌው ሲገባ አፌ ብረት ብረት ይላል።
በመስኮቱ፣ ከኮረብታው ላይ፣ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ይዞራሉ፤
አንዳንዱ ቆሟል። ነፋሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው ይላሉ።

«ደረሰሽ እንዴ፣ አዲሱ?» ትለኛለች በዳቱ፣ በሹክሹክታ፤
«እኔ ምን አውቄ» እላለሁ፣ ሎሚ እየመጠጥኩ፣ በዝግታ።
ባዶውም ደርሶኝ ከሆነ፣ ባዶ አልጣልኩም፤
ዕቁብ ነው፤ መጨረሻ የምትበላውን ግን አላውቃትም፤
ምናልባት ገና አልተወለደችም።

አንዳንድ ሌሊት ይህን ሁሉ አላስብም፤ መዳን ነው የምፈልገው፤
ለኔ። ለራሴ። ሌላዋን ተዋት።
መዝጋቢ ነሽ፤ ይህንንም ጻፊው።

ትናንት በዳቱ ጓዳዬ ገብታ፣ ሻሿን ፈታ፣ እጄን ይዛ፣
ብብቷ ሥር አኖረችው። ምንም አላለችም።
«ሐሙስ ሲስተር ዘርትሁን ጤና ጣቢያ ናት» አልኳት፤ «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

የፈረምኩበትን ቅጂ በወተት ጣሳው ውስጥ አስቀምጫለሁ።
ሮባ አገኘው። «ምንድነው ይሄ?» አለኝ።
«ደረሰኝ።»
ሌላ አልጠየቀኝም።
ነገ ሽንኩርት ይገባል፤ በሌሊት ይቀሰቅሰኛል።